ውሃው ለምን ይመለሳል?

ባለፈው እትም ስለ ሳል ስናወራ «ሳንባ ውሃ ቋጠረ ማለት ሁሌ ቲቢ ነው ማለት አይደለም» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ያቺ መስመር ጣጣ አመጣችብኝ። ደብዳቤው በዛ። አብዛኛው ደግሞ ከዚሁ ከመሃል ከተማ ነው፤ ከልደታ፣ ከቂርቆስ፣ ከተክለሃይማኖት፣ ከአራዳ። ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ አምስቱን መረጥኩ። አምስቱም የሚያወሩት ስለ ሜሶቴሊዮማ፣ ማለትም ስለ ሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ እና ብዙ ጊዜ እሱን ስለሚያመጣው ጭረታማ ማዕድን፣ ስለ አስቤስቶስ ነው። ስም አላወጣም፤ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከልደታ፦ «ዶክተር፣ ሰላም ነው? አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከ1969 ጀምሮ ወደ 15 ዓመት ያህል አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ክዳንና ቱቦ ይቆርጡ ነበር። ያ ግራጫው፣ ሲሚንቶ የሚመስለው፣ ኢተርኒት የሚሉት። ዓምና በቀኝ ጎናቸው ውጋት ጀመራቸው። ብርድ ነው ተባለና ቤት ውስጥ ያልሞከርነው ነገር የለም። ቆይቶ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ራጅ ሲነሱ ቀኝ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል። ተቀዳ። ቲቢ ነው ተብለው መድኃኒት ጀመሩ፣ ይኸው አራተኛ ወራቸው ነው። ውሃው ግን ሦስቴ ተቀድቶ ሦስቴም ተመለሰ። አሁን ሌላ ሐኪም ‹ከሽፋኑ ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር› አሉን። ዘመድ ሁሉ ደግሞ ‹ቢላ ከነካው ይዛመታል፣ እንዳታስነኩት› እያለ ነው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ይነካ። ነገር ሳላበዛ መልሱን ላስቀድምልህ ብዬ ነው። ውሃው ሦስቴ ከተመለሰ፣ የቲቢው መድኃኒት አራት ወር ሙሉ ተውጦ ካላቆመው፣ ሰውየው ደግሞ ኢተርኒት፣ ማለትም የድሮውን አስቤስቶስ ያለበትን ሲሚንቶ፣ ሲቆርጡ የኖሩ ከሆነ፣ ለአራተኛ ጊዜ ቀድቶ ቤት መላክ ጊዜ መግደል ነው።

መጀመሪያ ያዩዋቸው ሐኪሞች ላይ ግን ቶሎ አትፍረድ። እኛ አገር አንድ ሰው በአንድ ጎኑ ውሃ ቋጥሮ ሲመጣ ቲቢን ማሰብ ሞኝነት አይደለም፣ በተለይ በወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ውሃው ሲመረመር ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሴሎች በዝተው፣ ኤዲኤ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ከ40 በላይ ሆኖ ከተገኘ ቲቢ ይጠረጠራል። ችግሩ የሳንባ ሽፋን ካንሰርም አንዳንዴ ይህንኑ ያሳያል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ በአክታ ላይ ጎበዝ ነው፤ በሳንባ ውሃ ላይ ግን ቲቢው እያለ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በግምት ይጀምራል። በግምት መጀመር ያለ ነው። ግምቱ እንዳልሠራ እያዩ ዝም ብሎ መቀጠል ነው የማይሆነው። ቲቢ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳቱ ይበርድ፣ የምግብ ፍላጎት ይመለስ፣ ውሃውም እየቀነሰ ይሄድ ነበር።

ቋንቋችንም ራሱ አያግዝም። «ነቀርሳ» ስንል ቲቢም ነው፣ ካንሰርም ነው። አንድ ሽማግሌ «ድሮ ነቀርሳ ነው ብለውኝ፣ ታክሜ ድኛለሁ» ብለውኝ የትኛው ነቀርሳ እንደነበር ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ይህ መምታታት ደግሞ አዲስ አይደለም። የዚህ በሽታ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በዚሁ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኪምበርሊ በሚባል ከተማ ስሌግስ የሚባል የቲቢ ሐኪም ነበር። ሳንባቸው ውሃ የቋጠረ ሰዎች ይመጡለታል፣ የቲቢ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን አይድኑም። የማይድኑት ከየት እንደሚመጡ ሲያይ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ ከሚቆፈርበት አገር ናቸው። እሱና ዋግነር የሚባል የፓቶሎጂ (ሥጋን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር) ሐኪም፣ ከአንድ ሌላ ባልደረባቸው ጋር፣ በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የ33 ሰዎችን ታሪክ አሳተሙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ማዕድን ውስጥ ሠርተው አያውቁም። ልጅ እያሉ በአካባቢው ኖረዋል፣ የተደፋ አቧራ ላይ ተጫውተዋል፣ በቃ።

በሽታው ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ሳንባን እንደ ሽንኩርት ልባስ የሸፈነ ስስ ሽፋን አለ፤ አንዱ ንብር ሳንባው ላይ፣ ሌላው ከጎድን አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። በመካከላቸው እንዲንሸራተቱ የምታደርግ ጥቂት እርጥበት ብቻ ናት ያለችው። አስቤስቶስ ሲቆረጥ ዓይን የማያየው መርፌ መሳይ ጭረት ይበተናል። አባትህ ተንፍሰውታል። ሰውነት አያፈጨውም፣ አያስወጣውም፣ እዚያ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ከ20 እስከ 50 ዓመት ዝም ይላል። ለዚህ ነው ሰዎች ሥራውን ረስተውት፣ ጡረታ ወጥተው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው ሳለ የሚመጣባቸው። በዓለም ላይ በዓመት 30 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነው የሚያዘው፣ እና ብርቅ በሽታ ነው። ሐኪም ቶሎ ባያስበው አይገርምም። አንተ ግን አስበው። ካርድ ክፍል ገብተህ ሐኪሙ ጋ ስትደርስ «ቲቢ ነበር» ከማለትህ በፊት «አባቴ አስቤስቶስ ይቆርጡ ነበር» በል። ይህን የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነው። ወረፋው ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ወደ ምርመራው። ሲቲ ስካን ይነሱ፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሳውን ዓይነት። ሐኪሙ የሚፈልገው ሽፋኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ወፍሮ ሳንባውን ዙሪያውን ይዞታል ወይ፣ ያ ጎን ከሌላው ጠቧል ወይ የሚለውን ነው። ፊልሙንም ሲዲውንም አትጣል። ሪፖርቱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ግማሹን ቤት ትቶ እንደመጣ ቁጠረው።

«ውሃው ሦስቴ ተመርምሮ ካንሰር የለም ተብሏል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። በዚህ በሽታ ውሃው ብቻ መልስ የሚሰጠው ከግማሽ በታች በሆኑ ታማሚዎች ነው። ስለዚህ «ውሃው ላይ አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። መልሱ ያለው ሥጋው ላይ ነው። ሥጋ የሚወሰደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየታየ፣ አካባቢው ደንዝዞ፣ በወፍራም መርፌ ነው። ሁለተኛው ቶራኮስኮፒ ነው፤ በጎድን አጥንቶች መሃል የጣት ስፋት ያላት ቀዳዳ ትከፈትና ካሜራ ይገባል። ይህን ቆሜ አይቻለሁ። ጤነኛ ሽፋን እርጥብና አንጸባራቂ ነው፣ ከሥሩ የጎድን አጥንቶቹ ነጣ ብለው ይታያሉ። የታመመው ላይ ግን ወይን ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ተደርድረው ታያለህ። ሐኪሙ ከሦስት አራት ቦታ ይቆርጣል፣ ውሃውን በሙሉ ያወጣል፣ ካስፈለገም እዚያው ታልክ የሚባል ዱቄት ነፍቶ ሳንባውን ከደረት ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ውሃው የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳያገኝ። በዚህ መንገድ ከ10 ሰው ከ9 በላዩ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። ባለሙያውና መሣሪያው ግን ሁሉም ሆስፒታል የለም። ሪፈር ከመጻፉ በፊት የት እንደሚሠራ ደውለህ አረጋግጥ፣ ያለዚያ ከልደታ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያ ጳውሎስ እያልክ ሽማግሌ ማንከራተት ነው።

ወደ ቢላው ልምጣ። ዘመዶችህን አልስቅባቸውም። እዚህ በሽታ ላይ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ሜሶቴሊዮማ አንዳንዴ መርፌ ወይም ቱቦ በገባበት ቀዳዳ ተከትሎ ቆዳ ሥር ትንሽ እብጠት ያወጣል። ያው መርፌ ግን ውሃውን ሦስቴ ለመቅዳትም ገብቷል፣ ያኔ ማንም አልጮኸም። እብጠቱ ከወጣና ካመመ በጨረር ይታከማል። «ካልነካነው ይተኛል» የሚለው ግን ውሸት ነው። ሳይነካም ይሄዳል። ሥጋ ሳይወሰድ ደግሞ ኬሞ የሚጀምር ሐኪም የለም፣ ቢኖርም ሽሹት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። እዚህ ከተማ ናሙና ተሸካሚው ቤተሰብ ነው። ፌስታል ውስጥ ከተው «ወደዚህ ላብራቶሪ ውሰድ» ይሉሃል። ስትቀበል ዕቃውን እየው። ሥጋው ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ መሆን አለበት፤ ደህና በርከት ባለ ፎርማሊን፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) ወይም ተራ ውሃ ውስጥ አይደለም። ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ ብቻ አይሁን፤ ክዳን ይለዋወጣል። ለቲቢ ምርመራ የሚሄደው ቁራጭ ግን ለብቻው ነው፣ ያለ ፎርማሊን፤ ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድለው ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የማየት ምርመራ) አይሠራም። አየህ፣ በአንድ ቀዳዳ ሁለቱም ጥያቄ ይመለሳል። በሳላይን ተደርጎ ሁለት ቀን የከረመ ሥጋ አጋጥሞኝ ታማሚው እንደገና ተቆርጧል፤ የት እንደሆነ አልናገርም።

ፓቶሎጂው ደግሞ ሳምንታት ቢፈጅ አትናደድ። ሥጋው ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ ከወረቀት በቀጠነ ሁኔታ ተቆርጦ፣ በተለያዩ ቀለሞች ይነከራል። ካልሬቲኒን እና ደብልዩ ቲ ዋን የሚባሉት ቡናማ ሆነው ከታዩ ወደ ሜሶቴሊዮማ ያመራል፤ ቲቲኤፍ ዋን ካበራ የሳንባው የራሱ ካንሰር ሽፋኑ ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የኋለኛው እንዲያውም በጣም ይበዛል። ህክምናቸው የተለያየ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «ካንሰር» ብቻ ተጽፎ ከመጣ አትቀበል፣ «የምን ካንሰር? ዓይነቱስ?» በል። ሜሶቴሊዮማ ከሆነ ሦስት መልክ አለው፦ ኤፒተሊዮይድ፣ ሳርኮማቶይድ፣ የሁለቱ ቅልቅል። የመጀመሪያው ሻል ያለው ነው።

የቲቢውን መድኃኒት በራስህ እንዳታቆም። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ይወስን።

ከቂርቆስ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በባዮፕሲ (ሥጋ ተወስዶ ተመርምሮ) ሜሶቴሊዮማ፣ ኤፒተሊዮይድ ተብሏል። አስቤስቶስ የነካ ሥራ ሠርታ አታውቅም፣ ዕድሜ ልኳን አስተማሪ ነበረች። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ኬሞ ይጀመር አሉ። አሜሪካ ያለው አጎቴ ግን ‹ኬሞ ማቆያ ነው፣ ባንኮክ ወስዳችሁ አስቆርጧት› ይላል። ያለን አንድ ቤት ነው። ልንሸጠው ደላላ ጠርተናል።»

እህቴ፣ ደላላውን ለጊዜው መልሺው።

አጎትሽ የሚሉት ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ካንሰር ካለ ቆርጦ መጣል ነው የሚለው ሐሳብ በጡትም በአንጀትም ብዙ ጊዜ ልክ ስለሆነ ሰው ሁሉ ላይ ተጣብቋል። ይህ ካንሰር ግን እብጠት ሆኖ አንድ ቦታ አይቀመጥም። እንደፈሰሰ ሰም ሽፋኑ ላይ ይነጠፋል፤ ድያፍራሙን፣ የልብ ከረጢቱን፣ በሳንባ ክፍሎች መሃል ያለውን ስንጥቅ ይዞ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪም ሽፋኑን ልጦ ቢያወጣ እንኳ ጥርግ አድርጎ መጨረስ አይችልም። እንግሊዞች ይህን በደንብ ፈትነውታል። ማርስ 2 በሚባል ጥናት 335 ታማሚዎችን በዕጣ ከፈሉ፤ ግማሹ ኬሞ ብቻ፣ ግማሹ ኬሞና ቀዶ ጥገና። ውጤቱ በ2024 ወጣ። ቀዶ ጥገና ያገኙት እኩሌታ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች) የኖሩት 19.3 ወር፣ ኬሞ ብቻ የወሰዱት 24.8 ወር ነው። የተቆረጡት ላይ ከባድ ችግርም በዝቷል። በውጤቱ ያልተስማሙ ቀዶ ሐኪሞች አሉ፣ በጥንቃቄ ለተመረጡ ጥቂት ሰዎች ይጠቅማል የሚሉ፤ ክርክሩ ይቀጥል። እኔ ግን ቤት አሽጦ አውሮፕላን የሚያሳፍር ማስረጃ አላይበትም። ባንኮክ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ሲቲውንና የፓቶሎጂውን ወረቀት ላኩና «ለምን ትቆርጣላችሁ? ከማርስ 2 በኋላ ምን አላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ዋጋ ብቻ ከሆነ ይገባሻል።

«ኬሞ ማቆያ ነው» ላሉት፣ አዎ፣ ነው። አልዋሽሽም። ይህን በሽታ ነቅሎ የሚያወጣ ህክምና እስካሁን የለም። ማቆየት ግን ትንሽ ነገር አይደለም። በ2003 በወጣ ጥናት ሲስፕላቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ብቻ ያገኙ ሰዎች እኩሌታ 9.3 ወር ሲኖሩ ፔሜትሬክሴድ የሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት ሲጨመርበት 12.1 ወር ሆነ፤ ትንፋሻቸውና ሕመማቸውም ቀለለ። ከዚያ ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች መጡ። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አብረው ሲሰጡ እኩሌታው 18.1 ወር ደረሰ፣ በዚያው ጥናት ኬሞ ከወሰዱት 14.1 ጋር ሲነጻጸር፤ ሁለት ዓመት የኖሩት ደግሞ 41 በመቶ ናቸው። እኩሌታ ማለት ከሰዎቹ ግማሹ ከዚያ በላይ ኖሯል ማለት ነው፣ ለእናትሽ የተቆረጠ ቀን አይደለም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሳርኮማቶይድ በሆነባቸውና ቅልቅሉ በያዛቸው ላይ ነው። እናትሽ ኤፒተሊዮይድ ስለሆነች ልዩነቱ ያን ያህል የሰፋ አልነበረም። ዋጋው ግን ያው ቤት የሚያሸጥ ነው። ስለዚህ ኬሞውን ቢጀምሩላት እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ኬሞው በየ21 ቀኑ ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት ዙር። ከመጀመሪያው ዙር አንድ ሳምንት በፊት ፎሊክ አሲድ በየቀኑ መዋጥ፣ ቢ12 መርፌ ደግሞ መወጋት አለባት። ይህ ቫይታሚን ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ካልተወሰደ የደም ሴሎቿ ወርደው አፏ ቆስሎ ትሰቃያለች። ፋርማሲ ጠፋ ከተባለ ዙሩ ይዘግይ እንጂ ያለሱ አይጀመር። ኩላሊቷ በየዙሩ ይታይ። ጎኗን ሲያማት ሰፈር ክሊኒክ ወስዳችሁ ዲክሎፌናክ እንዳታስወጓት፣ አይቡፕሮፌንም ያው ነው፤ ከፔሜትሬክሴድና ከሲስፕላቲን ጋር ኩላሊት ላይ ይረባረባሉ። ኩላሊቷ ሲስፕላቲን የማይችል ከሆነ ካርቦፕላቲን አለ።

አስተማሪ ሆና የት አገኘችው ላልሽው፣ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ በሴቶች ላይ በተለይ። አባቷ ምን ይሠሩ ነበር? ያደገችበት ቤት ክዳኑ ምን ነበር? ቢኤፒ ዋን የሚባል ጂን በዘር ተበላሽቶ የሚመጣባቸውም ቤተሰቦች አሉ። ከእናንተ ወገን በወጣትነቱ የዓይን ወይም የኩላሊት ካንሰር ወይም ይኸው በሽታ የያዘው ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው።

ከተክለሃይማኖት፦ «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና 30 ዓመት መካኒክ ነበር። ቱታውን እኔ ነበርኩ የማጥበው፣ በእጄ። አሁን ጎረቤት ‹የፍሬን ሸራ አቧራ ካንሰር ያመጣል› ብላኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከሱ ወደኔ ይተላለፋል እንዴ? ልጄም እዚያው ጋራዥ ነው የሚሠራው።»

እናቴ፣ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ አብሮ መተኛት፣ ማስታመም ምንም አያመጣም። አቧራው ግን በልብስ ቤት ይገባል፣ ጎረቤትዎ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። አስቤስቶስ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ሚስቶች ልብስ በማራገፍ ብቻ ታመዋል። የመካኒክ ነገር ግን ከዚያ ይለያል። የድሮ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ይሁን እንጂ መካኒኮችን የተከታተሉ ጥናቶች በሜሶቴሊዮማ ከሌላው ሰው የተለየ አደጋ በግልጽ አላገኙባቸውም። ስለዚህ ይተኙ። የማያቋርጥ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጎን ውጋት ከመጣ ራጅ ይነሱ፣ እስከዚያ ግን በየወሩ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

ልጅዎን ግን አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ጋራዥ ስሄድ የማየው ነገር ነው፤ የፍሬኑን ታምቡር ይፈቱትና ውስጡ የተጠራቀመውን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር እፍ ያደርጉታል። ደመና ይነሳል፣ ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ሳትቀር ትተነፍሰዋለች። ሸራው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ካርቶኑም አይናገርም። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። ቱታውን እዚያው ያውልቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ያቁም፤ ሲጋራ ሜሶቴሊዮማ ባያመጣም ከአስቤስቶስ ጋር ሲጣመር የሳንባውን የራሱን ካንሰር አደጋ እያባዛ ነው የሚወስደው።

ከአራዳ፦ «የአያቴ ቤት ጓሮ ያለው መጋዘን ክዳኑ ኢተርኒት ነው። ልናፈርሰው ነው። ግንበኛው በግራይንደር ቆርጦ ባንድ ቀን እጨርሳለሁ ይላል። ችግር አለው?»

አለው! ግራይንደሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ።

ክዳኑ ሳይሰነጠቅ ቁጭ ካለ ብዙ አያስፈራም፣ ጭረቱ ሲሚንቶ ውስጥ ታስሯል። አደጋው ሲቆረጥ፣ ሲሰበር፣ ሲቦረሽ ነው። የግድ ከተነሳ መጀመሪያ ውሃ ይርከፍከፍበት፤ ሚስማሩና ቡሎኑ ይፈታ፣ ሉሁ ሙሉውን በእጅ ይውረድ እንጂ ከላይ አይወርወር። እላዩ ላይ አትውጡ፣ ያረጀ ኢተርኒት ሰው ጥሎ ይሰበራል። የሚሠራው ሰው የሕክምና ማስክ አይበቃውም፣ ኤፍኤፍፒ 3 የሚባለውን ያድርግ። ሉሁ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ የት እንደሚጣል ወረዳውን ጠይቁ። ስባሪውን ለመንገድ መደልደያ ወይም ለውሻ ቤት እንዳትሰጡ። «ኢተርኒት» የሚለውን ስም ጣሊያኖቹ ራሳቸው አሁን በፍርሃት ነው የሚሰሙት። ካሳሌ ሞንፌራቶ የምትባል ከተማቸው ውስጥ ፋብሪካው ከ1907 እስከ 1986 ሠርቶ በሩን አልፈው የማያውቁ ነዋሪዎች ሳይቀሩ በዚህ በሽታ ሞተዋል። በ1992 አስቤስቶስን በሕግ ከለከሉ።

የመጨረሻዋ አጭር ናት፣ ላኪዋ ሰፈሯን አልጻፈችም፦ «አባባ ሜሶቴሊዮማ ናቸው፣ ኬሞው አልያዘላቸውም፣ ቆሟል። ሌሊቱን ሙሉ ያቃስታሉ። ሐኪሙ ሞርፊን ጻፈላቸው። እናቴ ‹ሱሰኛ ይሆናሉ፣ ቶሎም ይገድላቸዋል› ብላ ደበቀችው።»

እናትሽን ቁጭ አድርገሽ አናግሪያት፣ ከዚያ ስጧቸው። ይህ ካንሰር የጎድን አጥንት ሥር ያለውን ነርቭ ስለሚጫን ሕመሙ በፓራሲታሞል የሚሆን አይደለም። ሞርፊን በሐኪም ልክ፣ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ሲል አይገድልም። እንዲያውም የትንፋሽ ማጠሩንም ያቀልላቸዋል። ሱስ የሚባለውን እርሱት። ስህተቱ ሲያቃስቱ ጠብቆ መስጠት ነው፤ በሰዓቱ ይሰጥ፣ ሌሊትም ቀስቅሳችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀላፋሉ፣ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። ማለስለሻ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ካልተጻፈ ተመልሰሽ አስጽፊ። መቀስቀስ እያቃታቸው ከሄደ ወይም እስትንፋሳቸው በጣም ከዘገየ ለሐኪሙ ወዲያው ደውይ።

አንድ ቦታ ላይ ለይተው ካሳዩሽ ለዚያ ቦታ ጨረር ይጠቅማል፣ ሐኪሙን ጠይቂ። ውሃው እየተመለሰ ትንፋሽ የሚነሳቸው ከሆነ ደግሞ ቤት ሆነው በየቀኑ የሚቀዳ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ካልተገኘ በመርፌ ይቀዳላቸው፣ ባንድ ጊዜ ግን ከሊትር ተኩል አይበልጥ። ቤት ድረስ እየመጡ የሚያስታምሙ ሰዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ? ሆስፒስ ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ደውይላቸው። እስከዚያው ትራሱን ደርቢላቸው፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ በታመመው ጎን ተኝተው ከቀለላቸው እንደዚያው ተዪአቸው።